ለትንፋሽ የተተከለ ድንኳን

«ንጹሕ እስትንፋስ» ሆስፒታል አየር የሚያድለው በተራ ነበር። ከማጣሪያው የወጣው አዲስ አየር መጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ለተኙት ይደርሳል፤ አንደኛ አየር ይባላል። እነሱ ተንፍሰው ያስተረፉት ወደ መካከለኛው ፎቅ ይወርድና ሁለተኛ አየር ይሆናል። ከሁለቱም የተረፈው በቧንቧ ምድር ቤት ይገባል። ይህ ሦስተኛ አየር ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሽታው የሰው ነው። ሥርዓቱ ደብረ ብርሃን ላይ ከተለመደ ረጅም ጊዜ ስለሆነው ማንም አይደነቅበትም። ሰው ታመመ ሲባል ዘመድ «ምን ሆነ?» ከማለቱ በፊት «ስንተኛ ነው የሚተነፍሰው?» ይላል።

የኤልዳና ባል ናሆም ሦስተኛ ነበር የሚተነፍሰው።

ሰውየው እዚያ የገባው ለእግሩ ነው። የጣራውን የሶላር ሰሌዳ ሊወለውል መሰላል ላይ ወጥቶ ተንሸራተተና ጭኑ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ያለ እንከን አለቀ፤ «በሳምንት ቤትዎ ነዎት» ተብሎም ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ ሳል ጀመረው። ሳሉ ሳንባ ምች ሆነ፤ ቁስሉም አልገጥም አለ። እግሩን ሊታከም ሄዶ ደረቱን ታሞ ተኛ እንግዲህ። ኤልዳና ፀጉር ቤቷን ለረዳቷ ትታ በየጠዋቱ ታክሲ ትሳፈራለች፣ ነፋስ እንዳይመታት መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች፣ ምድር ቤት ገብታ ባሏ ራስጌ ትቀመጣለች። ትኩሳቱ ይወርዳል። ደግሞ ይወጣል።

ናሆም ቀልደኛ ነው። ሞት ራስጌው ቆሞ እንኳ አፉ አያርፍም። ችግሩ ይስቃል፤ ሲስቅ ሳሉ ይከተላል፤ ሳሉ ሲመጣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ኤልዳና ይህን ካየች ወዲህ የባሏን ሳቅ መፍራት ጀምራለች። ሠላሳ ዓመት ሲያስቃት የኖረውን ሰው «አትሳቅ እባክህ» ብላ መለመን አንጀቷን ቅጥል ያደርገዋል።

ጥየቃውም ሌላ ጣጣ ነበር። ጠያቂ ይተነፍሳልና የጠያቂ ትንፋሽ በታማሚው ሒሳብ ይደመራል። ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ሰው በገባ ቁጥር ጢው ይላል። ስለዚህ ወዳጅ የተባለ ሁሉ ከመስተዋቱ ማዶ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ፍቅር የባሰበት ደግሞ ትንፋሹን ውጦ ይገባል። አንዷ ጎረቤታቸው ጉንጮቿን ነፍታ አልጋው ድረስ ደረሰችና፣ «እግዜር ይማርህ» ልትል አፏን ስትከፍት ቆጣሪው ጢው አለባት። ደንግጣ እየሮጠች ወጣች። ናሆም ሳቀ። ከዚያ ከንፈሩ ጠቆረ።

በክፍሉ አንድ መስኮት አለ። በጢሱ ዘመን፣ ያ ሁሉ ፋብሪካ ከሰል ሲያጨስ፣ የሀገሩ መስኮት ሁሉ በሙጫ ታሽጎ ነበር። ጢሱ አለፈ፤ ፋብሪካው በፀሐይና በነፋስ መሥራት ጀመረ፤ በኮረብታው ላይ ጽድ በቀለ። ሙጫውን ግን ማንም አልነካውም። ኤልዳና በመስተዋቱ ውስጥ ጽዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ታየዋለች፤ ድምፁ ግን አይሰማም።

የናሆም ሐኪም ዶክተር ማንጠግቦሽ ትባላለች። ወጣት ናት፤ የዘመኑ ልጆች ስም ወደ ጥንቱ ተመልሶ የለ! አንድ ቀን ኤልዳና ኮሪደር ላይ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ዶክተርዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መድኃኒቱ አልሠራም?»

«ይሠራል፣ እትዬ ኤልዳና። ዛሬ የገደልነውን ተሕዋስ ግን ነገ መልሰው ይተነፍሱታል። ክፍሉ ውስጥ የሚሳለው ሁሉ ያው እዚያው ይዞራል።»

«ምን ይሻለዋል ታዲያ?»

«አንደኛ አየር።»

«እሱማ ቤታችንን መሸጥ ነው፤ ድኖስ የት ሊተኛ ነው?»

ዶክተሯ ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለሆስፒታሉም አያዋጣውም እኮ። ምድር ቤት የተኛ ሰው ቶሎ አይድንም፤ አልጋ ይይዛል፣ መድኃኒት ይጨርሳል። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያቸዋለሁ። ‹አየር ገቢ ነው፣ መድኃኒት ወጪ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም› አሉኝ።»

«ውጪውስ? ያ ጽዱ ያለበት?»

«ውጪው ከአንደኛም ይበልጣል።»

«ታዲያ አውጪልኛ!»

«የተኛ ሕመምተኛ ከሕንፃው አይወጣም። ለአንድ ነገር ሲቀር።» ዶክተሯ በእጇ ወደ ግቢው አመለከተች። «ለለቅሶ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ «የለቅሶ ሜዳ» የሚባል ቦታ አለ፤ ሰው ሲሞት እድሮች ድንኳን ተክለው አስከሬን የሚቀበሉበት። አየር የሚሸጡት ሰዎች እንኳ ለቅሶ ላይ እጃቸውን ማስገባት ፈርተዋል፤ ለቅሶ የከለከለ ሰው በሀገሩ አይኖርማ! ለዚያ ሜዳ ክፍያ የለም፣ ፈቃድ የለም። በደንቡም ላይ አንዲት አንቀጽ አለች፦ ሕመምተኛ ለቅሶ የመድረስ መብት አለው።

«የማን ለቅሶ እንደሆነ አይጠይቅም» አለች ዶክተሯ። «መቼ እንደሚመለስም አይልም። እስከ ዛሬ ግን ድንኳን የተተከለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።»

ኤልዳና ሌላ አልጠየቀችም። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ እሷ ደግሞ ለአፍ አትታማም።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ብድግ አለችና ድንኳኑን ጠየቀች። ሁሉም ባንድ ላይ ጮኸ።

«ኧረ በስመ አብ! ላልሞተ ሰው ድንኳን?»

«ሟርት ነው ይኼ! ራስሽ ሞትን ልትጠሪበት ነው?»

«ደንባችን ለሞት ነው፤ ለበሽታ የሚል የለበትም!»

ኤልዳና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «እሺ፣ ስሙኝ። ናሆም ሲሞት ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ወንበር ትደረድራላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣ ሦስት ቀን አብራችሁኝ ትቀመጣላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። እንደምታደርጉት ስለማውቅ ነው የምናገረው። ያንኑ ድንኳን አሁን ብትተክሉት ምን ይጎድልባችኋል? ሲሞት እኮ አያየውም!»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኪሩቤል ከዘራቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ሚስታቸው ባለፈው ዓመት የሞተችው እዚያው ምድር ቤት ነው። ቀና ብለው ተናገሩ።

«የኔዋ ስታስል ከመስተዋቱ ማዶ ቆሜ እጄን አውለበለብኩላት። ሒሳብ እንዳልጨምርባት ብዬ። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ እጇን አልያዝኩም።» በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ስትሞት ግን ጊዜ አልፈጀብንም። ቶሎ ነው የተከልነው። እንዴት ያለ የሚያምር ድንኳን ነበር! ሲሞት ጎበዝ ነን እኛ። በሉ ተነሡ፣ ድንኳኑን አውጡ።»

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ በጋሪ ተጭኖ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። ማን ናቸው የሞቱት?»

ጋሽ ኪሩቤል ውሸት አይሆንላቸውም። ላባቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን» አሉ።

«እውነት ነው፣ አባቴ» አለና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

ድንኳኑ ተተከለ። ዶክተር ማንጠግቦሽ ናሆምን ከነአልጋው ገፍታ አወጣችው፤ መውጫው ላይ ማሽኑ «ምክንያት?» ሲላት «ለቅሶ» አለችው፣ አሳለፋት። ናሆም ሰማዩን አየ። ዓይኑን ጨፈነና እንደገና ገለጠ።

«ኤልዱ፣ የኔ ነው ድንኳኑ?»

«ያንተ ነው።»

«ወንበሩ ግን አነሰ። ይሄን ያህል ሰው ነው የሚያለቅስልኝ?»

ወሬው ከድንኳኑ ቀድሞ አንኮበር ደርሶ ኖሮ፣ የናሆም ታላቅ እህት እትዬ ህሊና ደረቷን እየደቃች ከተፍ አለች። «ወንድሜን! ጋሻዬን! ሳልሰናበትህ!» እያለች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። አልጋው ላይ ሾርባ የሚጠጣ ሰው ስታይ ባለችበት ቀረች።

«ገና ነኝ» አላት ናሆም። «ተቀመጪ፣ ደክሞሻል።»

ምነው ሸዋ! ሴትዮዋ ድንጋጤዋ ወደ ንዴት፣ ንዴቷ ወደ ደስታ ተገለባበጠ፤ ወንድሟን አንዴ በጥፊ ልትለው፣ አንዴ ልትስመው ቃጣት። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሰው ጎረፈ። ቆጣሪ የለም! ጢው የሚል የለም! ለወራት መስተዋት ማዶ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ የነበረ ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ተነፈሰ፣ አወራ፣ ናሆምን ሳመ። አመሻሽ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ መጣ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እትዬ ህሊና፣ «ነፋሱ ወንድሜን ሊመታው ነው!» ብላ ተነሣች። ኤልዳናም እንደሷው ነበረች፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት የምትዘጋ ሴት ድንኳን ከፍታ ታድራለች? ሁለቱ ሆነው የድንኳኑን አፍ በገመድ ጠፈሩ፤ ቀዳዳውን ሁሉ በብርድ ልብስ ወተፉ። ሰውም ከመሄድ ይልቅ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ ሙቀቱ ደስ ይላል። ናሆም ሳል በሳል ሆነ።

ጠዋት ትኩሳቱ ከምድር ቤቱም ባሰ። ከንፈሩ ጠቁሮ ቀረ። ዶክተር ማንጠግቦሽ ገመዱን ፈትታ ስትገባ የውስጡ ሙቀት ፊቷን መታት፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሦስተኛ አየር ነበር የሚተነፍሱት» አለች። «አራተኛ አደረጋችሁላቸው።»

ኤልዳና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስንት ተጣልታ፣ ስንት ለምና ያወጣችውን ሰው በገዛ እጇ መልሳ አፈነችው። ዶክተሯ አጠገቧ ተንበረከከች።

«አውጥተዋቸዋል እኮ፣ እትዬ። አሁን የቀረው መክፈት ነው። ሰውነታቸውን በደንብ ያልብሷቸው፤ ፊታቸውን ግን ለነፋሱ ይስጡት።»

«ብርዱ ቢገድለውስ?» ኤልዳና እንባዋ መጣ። «ብርድ አይደለም እንዴ ሰው የሚገድለው?»

«ብርዱን ጋቢ ይይዘዋል። ይሄን አየር የሚይዝልዎ ነገር ግን የለኝም።»

ኤልዳና ተነሣች። እትዬ ህሊና የድንኳኑ አፍ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ከሞተ በእጅሽ ነው! ሰማሽ? ወንድሜን በነፋስ ገደለችው ነው የምልሽ!»

«በይኝ፣ እትዬ» አለች ኤልዳና። «ተዘግቶም እየሞተ ነው።»

የቀረውን ገመድ ፈታች። የነፋሱን ወገን ሸራ ጠቀለለችና አሰረችው፤ ዞራ ማዶውንም ጠቀለለችው። ነፋሱ ባንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ። ጽዱ ሲወዛወዝ ይሰማል፤ እንዴት ያለ ድምፅ እንዳለው ረስታው ነበር። ናሆምን ሁለት ጋቢ ደረበችለት፣ ኮፍያ አደረገችለት፣ እግሩን ጠቀለለችለት። ጠያቂውን ደግሞ «ውጪ ተቀመጡ፣ እወዳችኋለሁ፣ ግን ውጪ!» ብላ አስወጣችው። ጋሽ ኪሩቤል ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። እትዬ ህሊና ፊቷን አዙራ እያለቀሰች ተቀመጠች፤ ከወንድሟ ግን አልራቀችም።

ያን ቀን ኤልዳና ጸለየች፣ ተሳለች፣ ከነፋሱ ጋር ተጣላች፣ ታረቀች። ወደ ማታ ትኩሳቱ ወረደ። ተመልሶ ይወጣል ብላ ጠበቀች። በማግስቱም ጠበቀች። አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ናሆም ራበኝ አለ። እትዬ ህሊና ገንፎውን እያጎረሰችው፣ «መቼም ይሄ ነፋስ ያንኮበር ነፋስ መሆን አለበት» አለች። ሽንፈቷን የተናገረችው እንዲህ ብላ ነው፤ ሌላ አይጠበቅባትም።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ምድር ቤት ያሉት ሕመምተኞች ከመስተዋቱ ማዶ ሲያዩ ቆይተው፣ አንድ ባንድ «ለቅሶ መድረስ እፈልጋለሁ» ማለት ጀመሩ። «የማን?» ሲባሉ «የጎረቤቴ» ይላሉ። የነሱም እድሮች ድንኳናቸውን ጭነው መጡ። ከአስፋልቱ ለሚያይ ሰው ከተማው ያለቀ ይመስል ነበር፤ ሜዳው ሙሉ ድንኳን፣ ሁሉም ግራ ቀኙ የተጠቀለለ፣ በየውስጡ ጋቢ የደረበ ሰው ካርታ ይጫወታል። ሴቶቹ ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ የሚዘጋ ሰው ሲያገኙ ይቆጣሉ። ከተቆጪዎቹ ዋናዋ እትዬ ህሊና ነበረች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ድንቅነህ ቆጣሪውን ይዘው ወረዱ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው።

«ይህ የሆስፒታሉ ግቢ ነው» አሉ። «በግቢው ውስጥ የሚተነፈስ አየር ተለክቶ ይከፈላል።»

ጋሽ ኪሩቤል ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ለቅሶ ላይ ነን፣ ጌታዬ።»

«ማን ሞተና?»

«የኔ ሚስት። ባለፈው ዓመት። አሁን ነው በደንብ የማለቅስላት።»

አቶ ድንቅነህ ቆጣሪውን ናሆም አልጋ ላይ ሰቀሉት። ቆጣሪው ትንሽ አሰበ። ከዚያም በለስላሳ የማሽን ድምፅ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ከአንደኛ በላይ» አለ። አቶ ድንቅነህ መታ መታ አደረጉት። «ከአንደኛ በላይ» ብሎ ደገመ። ለእንዲህ ያለው አየር ታሪፍ አልወጣለትም ነበር።

ይህ ሲባል ከላይኛው ፎቅ አንድ ትልቅ ነጋዴ ተሽከርካሪ ወንበሩን ራሱ እየገፋ ደረሰ። አንደኛ አየር ሲተነፍስ የከረመ ሰው ነው፤ ፊቱ ግን እንደ ሻማ ነጥቷል።

«እኔም ለቅሶ ልድረስ» አለ።

«የማን ለቅሶ?» አሉ አቶ ድንቅነህ ተደናግጠው።

«ያገኘኸውን ሰው ስም ጻፍ! ቦታ ብቻ ስጡኝ!»

ናሆም ጠጋ ብሎ አልጋው ሥር ቦታ አሳየው። «ና፣ ወንድሜ። እዚህ ሁላችንም አንድ ተራ ነን።»

ሥራ አስኪያጁን ያሸነፋቸው ግን ይህ አይደለም፤ የራሳቸው ሒሳብ ነው። ዶክተር ማንጠግቦሽ ወሩ ሲያልቅ ቢሯቸው ገብታ፣ ገቢና ወጪ የሚባሉትን ሁለት ዘመዶች ለመጀመሪያ ጊዜ አገናኘቻቸው። የመድኃኒቱ ወጪ አሽቆልቁሏል፤ ወራት ይተኛ የነበረው በሳምንታት ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የተለቀቀው አልጋ ሌላ ሰው አክሟል። ሦስተኛ አየር ለዓመታት ሲሸጥ ያስገባውን፣ ሕመም ከዚያ አብልጦ ሲበላው ኖሯል። አቶ ድንቅነህ ደጋግመው አዩት። «እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «ለሙከራ ያህል፣ ምድር ቤቱ ይከፈት።»

ለሙከራ ያህል! ናሆም በክራንች ቆሞ መሄድ በጀመረበት ሰሞን ሠራተኞች ብረት ይዘው መጡ። የጢሱ ዘመን ሙጫ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው መስኮት ቀጭ ቀጭ አለ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ብርግድ አለ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት ሜዳው መሃል እልልታዋን አቀለጠችው። ለቅሶ ሜዳ ላይ እልል ይባላል? ተባለ! ድንኳኑ ሁሉ ተቀበላት፤ ጋሽ ኪሩቤል እያለቀሱ አጨበጨቡ፤ ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረው። ኤልዳና እልል ስትል ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ነበር። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ የሠርጓ ቀን እንኳ።

እድሩም የሚቀጥለው እሑድ ተሰብስቦ ድንኳኑ «ለሞተም፣ ላልሞተም» እንዲወጣ ደንቡን አሻሻለ። የተቃወመ አልነበረም።

ናሆም ወደ ቤቱ የተመለሰው ፀሐይና ነፋስ ባንድ ላይ በወጡበት ጠዋት ነው። ሹፌር አልባው ታክሲ ውስጥ ኤልዳና መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሻርፗን አንገቷ ላይ እየጠቀለለች ተንጠራራች።

«ማዘር፣ መስኮቱን ይዝጉት እባክዎ። ነፋሱ ሊመታን ነው።»

ኤልዳና ክርኗን መስኮቱ ላይ አደላደለች። «አልዘጋም፣ የኔ ልጅ። ከበረደሽ ጋቢ እንኪ» ብላ ባሏ የደረበውን ገፈፈችና ወደ ኋላ አቀበለቻት።

«ይኸውና!» አለ ናሆም። «ከሳንባ ምች አተረፈችኝ፣ አሁን ደግሞ ልብሴን አውልቃ በብርድ ልትጨርሰኝ ነው። ድንኳኑ የት ደረሰ?»

ይህን ብሎ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር፣ እንደ ድሮው ሳቀ። ኤልዳና ክርኗ እዚያው መስኮቱ ላይ እንዳለ፣ ትንፋሿን ውጣ ሳሉን ጠበቀች።

አልመጣም።